አንጀት ራሱን ካስተዳደረ ጭንቀት ምን ያገባዋል?

ጥያቄ፦ «ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለሁ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ስብሰባ ወይም ኦዲት ባለበት ቀን ጠዋት ሆዴ ይገለባበጣል፤ ከቤት ሳልወጣ ሦስት አራት ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ከተጸዳዳሁ በኋላ ቁርጠቱ ይቀልልኛል። የሰገራ፣ የደምና የኢንዶስኮፒ ምርመራ ተደርጎልኝ ‹ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው› ተባልኩና አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ሳነብ አልጀመርኩትም። በሌላ በኩል አንጀት የራሱ ነርቭ እንዳለውና ያለ አንጎል ትእዛዝ እንደሚሠራ ሰማሁ። ራሱን የሚያስተዳድር ከሆነ ጭንቀቴ እንዴት ያዘዋል? ሕመሜ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ወይስ አንጀቴ ውስጥ? ቡናስ ልተው?»

ምላሽ፦

«ምንም የለብህም» ከምትለው ልነሳ፤ ከጽሑፍዎ ውስጥ ያስቆጣችኝ እሷ ናትና። ሐኪሙ ለማለት የፈለገው «በመሣሪያዎቻችን የሚታይ ቁስል፣ ዕጢ ወይም ጥገኛ ተውሳክ አላገኘንም» ነው። መልካም ዜና ነው፤ ምንም የለም ማለት ግን አይደለም። ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ቱቦ ነው፤ የሚያየው የውስጡን ገጽ ብቻ ነው። እርስዎ የሚጠይቁኝ ነገር ደግሞ ከዚያ ገጽ በስተጀርባ፣ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ከምግብ ቧንቧ እስከ ፊንጢጣ የሚወርደው ቱቦ ስሙና ስፋቱ ይለያይ እንጂ ግድግዳው በአራት ድርብ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ምግቡን የሚነካው ሽፋን ነው፤ አሲድና ኢንዛይም የሚያመነጨው፣ የተፈጨውንም ወደ ደም የሚያሳልፈው እሱ ነው። በቀጭን አንጀት ውስጥ ይህ ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ያድሳል። ከሥሩ የደም ሥሮች የሚተላለፉበት ልል ድርብ አለ። ሦስተኛው ጡንቻ ነው፤ እሱም ሁለት ነው። ውስጠኛው ቱቦውን እንደ ቀለበት ይከባል፤ ውጭኛው ወደ ርዝመቱ ተዘርግቷል። ቀለበቱ ሲኮማተር ቱቦው ይጠብባል፣ የርዝመቱ ሲኮማተር ያጥራል። ጨጓራ ምግብን ማሸትና መፍጨት ስላለበት ሰያፍ የሆነ ሦስተኛ ጡንቻ ተጨምሮለታል። አራተኛው ከውጭ የሚለብሰው ስስ ገለፈት ነው፤ ስለ እሱ ዛሬ የምለው የለኝም።

በ1857 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ጀርመናዊው ጌኦርግ ማይስነር ከሽፋኑ ሥር ባለው ልል ድርብ ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት መረብ መኖሩን ገለጸ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአገሩ ልጅ ሊዮፖልድ አውርባኽ በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ሌላ መረብ አገኘ። የማይስነር መረብ በዋናነት ፈሳሽ ማመንጨትንና የደም ፍሰትን ይቆጣጠራል፤ የአውርባኽ መረብ ደግሞ እንቅስቃሴን። ሁለቱ አንድ ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሏቸው። ይህ ቁጥር በኅብለ ሰረሰር ካሉት ጋር የሚወዳደር ነው። ሥራቸውንም ተከፋፍለዋል፦ አንዳንዶቹ የግድግዳውን መለጠጥና የምግቡን ጠባይ ይለያሉ፤ ሌሎቹ መልእክት ያቀባብላሉ፤ የቀሩት ጡንቻውን ወይም ፈሳሽ አመንጪዎቹን ዕጢዎች ያዝዛሉ። ነገሩ ከመታወቁ እስከ መፈጸሙ ድረስ ሁሉም እዚያው ግድግዳ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ የሰሙት እውነት ነው።

እውነትነቱም ከመቶ ዓመት በፊት የተረጋገጠ ነው። በ1899 ለንደን ውስጥ ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የውሾችን አንጀት ከውጭ ከሚመጡት ነርቮች ሁሉ ለይተው ግድግዳውን ነኩት። ከተነካው ቦታ በላይ ያለው ጡንቻ ተኮማተረ፣ ከበታቹ ያለው ተለቀቀ። አንጎል ባይኖርም ምግቡ መሄድ ወዳለበት አቅጣጫ ይገፋ ነበር። በ1917 ፓውል ትሬንደለንቡርግ ከሰውነት ተቆርጦ የወጣ የጊኒ ፒግ አንጀት በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኑሮ ውስጡን በፈሳሽ ወጠረው፤ አንጀቱ ብቻውን ሞገድ እየፈጠረ ፈሳሹን ገፋው። የካምብሪጁ ጆን ላንግሊም በ1921 ይህን መረብ ከሲምፓቴቲክና ከፓራሲምፓቴቲክ ነርቮች (ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወርደው የውስጥ አካላትን ያለ ፈቃድ ከሚያዝዙት) ተራ አውጥቶ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ክፍል ብሎ ሰየመው። የላንግሊ ክርክር ቀላልና ጠንካራ ነበር፤ ከላይ የሚወርዱት የነርቭ ክሮች ቁጥር ከአንጀቱ ሕዋሳት ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱን ሕዋስ ሊያዙ አይችሉም።

ይህ መረብ ባይኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ አሳይታናለች፤ ተማሪዎቼን ሳስተምር ከማንኛውም ሙከራ አብልጬ የምጠቅሰው ይህን ነው። ፅንስ ገና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ሳለ የአንጀት ነርቭ ሕዋሳት የሚሆኑት ከአንገት አካባቢ ተነሥተው በቱቦው ግድግዳ ውስጥ ወደ ታች ይጓዛሉ። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ጉዞው መጨረሻው ሳይደርስ ይቋረጥና የወፍራም አንጀት ጫፍ ያለ ነርቭ ይቀራል። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ በሁለት ቀን ውስጥ ሳያወጣ ይቆያል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አረንጓዴ ያስመልሰዋል። ዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ በ1886 ስለገለጸው በሽታው በስሙ ይጠራል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የተበላሸው ያ የተነፋው፣ ዓይን የሚስበው ክፍል ይመስላቸው ነበር። የታመመው ክፍል ግን ከበታቹ ያለው ጠባብና ጤነኛ መሳይ ቁራጭ ነው። ለምን ጠበበ? ነርቭ ስለሌለው የሚለቀው የለምና። የአንጀት ጡንቻ ብቻውን ሲተው ወደ መኮማተር ያደላል፤ የአውርባኽ መረብ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚልቀውም ጡንቻውን በጊዜው «ልቀቅ» ማለቱ ነው። በምግብ ቧንቧው የታችኛው በር ላይ እነዚሁ የመልቀቅ ነርቮች በኋለኛ ዕድሜ ሲጠፉም ሰውየው የጎረሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ይቆምበታል።

ከነርቮቹ ጎን ለጎን ምት የሚመቱ ሕዋሳትም አሉ፤ በስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል ስም ይጠራሉ። የኤሌክትሪክ ምታቸው በጨጓራ ውስጥ በደቂቃ 3 ያህል፣ በቀጭን አንጀት መጀመሪያ 12 ያህል፣ ወደ መጨረሻው 8 አካባቢ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ደግሞ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ከጨጓራ ተነሥቶ ቀጭን አንጀትን የሚያጥብ ጠንካራ የሞገድ ተራ ያልፋል፤ የተረፈውን ምግብና ባክቴሪያ እየጠራረገ ይወርዳል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ከጎኑ ያለው እስኪሰማ ድረስ ሆዱ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። አፍሮ ሆዱን መያዝ አያስፈልገውም፤ አንጀቱ ጽዳት ላይ ነው።

እንግዲህ የአንጎል ድርሻ የት ነው? ሁለቱ ጫፎች የእሱ ናቸው። መዋጥ በፈቃድ ይጀመራል፤ የምግብ ቧንቧው የላይኛው ክፍል ጡንቻም እንደ ክንድ ጡንቻ ዓይነት ስለሆነ ቀጥታ ትእዛዝ ይፈልጋል። በመውጫው በኩል ሁለት ቀለበቶች አሉ፦ ውስጠኛው ያለ ፈቃድ የሚሠራ፣ ውጭኛው በፈቃድ የሚጠበቅ። እርስዎ ታክሲ ውስጥ ሆነው «ቤት እስክደርስ» ብለው የሚጨብጡት ይህን ሁለተኛውን ነው። መካከሉን ግን እንደ ቀበሌ ያስቡት። የዕለት ሥራውን ከላይ ሳይጠይቅ ይሠራል፤ ከከተማው አስተዳደር የሚደርሰው «አፍጥኑ» ወይም «ቆዩ» የሚል ደብዳቤ እንጂ የሥራ ዝርዝር አይደለም። ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት ደግሞ ወደ ታች ከሚመጣው ደብዳቤ እጅግ ይበዛል፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ ደረትንና ሆድን ከሚያዳርሰው የቬገስ ነርቭ ክሮች ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል የሚወጡ ናቸው።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚያስፈልገው ዝርዝር እነሆ። የቬገስ ነርቭ ጨጓራንና ቀጭን አንጀትን፣ እንዲሁም የወፍራም አንጀትን የመጀመሪያ ክፍል ይደርሳል። የወፍራም አንጀት የመጨረሻ ክፍል ግን «አፍጥን» የሚለውን ደብዳቤ የሚቀበለው ከወገብ በታች፣ ከኅብለ ሰረሰር ጫፍ ከሚወጡ ነርቮች ነው። ሲምፓቴቲክ ነርቮች በአንጻሩ ሥራውን ያዘገያሉ፣ በሮቹን ያጠብቃሉ፣ ደሙን ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ አንድ ድንጋጤ የቱቦውን ሁለት ቦታ በተለያየ መንገድ ሊነካ ይችላል።

የሚነካውም እንዲሁ ነው። ዋልተር ካነን በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ኤክስሬይ በተገኘ ማግሥት፣ ለድመቶች ቢስመዝ (በኤክስሬይ የሚታይ ማዕድን) የተቀላቀለበት ምግብ እየሰጠ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ ይመለከት ነበር፤ ሥራውንም በ1898 አሳተመ። ድመቷ በተረበሸች ወይም በተቆጣች ቁጥር የጨጓራዋ ሞገድ ቀጥ ይላል፤ ስትረጋጋ ይመለሳል። ዛሬ ከጀርባው ካሉት ነገሮች አንዱን በስም እናውቀዋለን፦ ሰው ሲጨነቅ አንጎሉ የሚለቀው ሲአርኤፍ የሚባል መልእክተኛ። ይህ ንጥረ ነገር የጨጓራን መልቀቅ ያዘገያል፣ በዚያው ቅጽበት የወፍራም አንጀትን መጨረሻ ያስቸኩላል። ለሰዎች በመርፌ ሲሰጥ የወፍራም አንጀት እንቅስቃሴ ይጨምራል፤ እንደ እርስዎ ዓይነት ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጭማሪው ይበረታል። በኦዲት ጠዋት ቁርስ አልወርድ ብሎዎት በዚያው ሰዓት ሽንት ቤት የሚመላለሱት ለዚህ ነው። ያዘዘው አንጎልዎ ነው፤ የጨመቀው ግን አንጀትዎ፣ በራሱ ነርቭና በራሱ ስልት። ጭንቀት አዲስ እንቅስቃሴ አልፈጠረም፤ የነበረውን አፈጠነ።

«ታዲያ የሥራ ባልደረባዬም ይጨነቃል፣ እሱን ለምን አያስሮጠውም?» ቢሉኝ፣ ልዩነቱ ያለው ወደ ላይ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ይመስለኛል። ተመራማሪዎች በአንጀት መጨረሻ ክፍል ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ቀስ በቀስ ሲነፉት፣ ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት ችግር (የሚታይ ቁስል ሳይኖር ሆድ የሚቆርጥበትና ሰገራ የሚዛባበት) ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሌላው ሰው እምብዛም በማይሰማው መጠን ሕመም ይሰማቸዋል። ነርቮቹ ድምፅ አጉልተዋል ማለት ነው። የሚያጎሉትም በጭንቀት ብቻ አይደለም። ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ተውሳኩ ከጠፋ በኋላም እንዲህ ዓይነት ምልክት ይቀርበታል። በ2004 በኖርዌይ በርገን ከተማ የቧንቧ ውሃ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሕዝብ ታመመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ከታመሙት ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው አይቢኤስ ነበረው። ጃርዲያ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለምና እርስዎም ይህ ነገር የጀመረዎት ከአንድ ኃይለኛ ተቅማጥ በኋላ ይሆን እንደሆነ ለማስታወስ ይሞክሩ። ሆዱ በተገለባበጠ ቁጥር «አሜባ ተነሣብኝ» ብሎ ያለ ምርመራ ሜትሮኒዳዞል የሚውጠውን ሰው ሁሉ ባገኝ ይህችን አንቀጽ አነብለት ነበር። ተውሳኩ ከሄደ ቆይቷል፤ የቀረው የነርቮቹ ቁጡነት ነው።

ስለዚህ «ጭንቅላቴ ውስጥ ወይስ አንጀቴ ውስጥ» የሚለውን ጥያቄ አልቀበለውም። የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። ችግሩ የመንገዱ ነው፣ መድኃኒቱም በማንኛውም ጫፍ ሊገባ ይችላል።

አሚትሪፕቲሊን የታዘዘልዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለድብርት ሲሰጥ መጠኑ ብዙውን ጊዜ 75 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ለአንጀት የሚሰጠው ማታ ማታ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ መጠን ወደ ላይ የሚወጣውን የሕመም ሪፖርት ያለዝባል፣ አንጀቱንም በመጠኑ ያዘገያል፤ ለእርስዎ ዓይነቱ ተቅማጥ የሚቀናው ሰው ሁለተኛውም ጥቅም ነው። በ2023 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት ከ400 በላይ ታማሚዎች ለስድስት ወር ተከታትለው፣ ይህን መጠን የወሰዱት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት በተሻለ ቀለል ብሏቸዋል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሲበዛም ሆድ ያደርቃል። የልብ ምት መዛባት፣ የዓይን ግፊት ወይም ለመሽናት መቸገር ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። የድብርት መድኃኒት ነው ብሎ መተው ግን ልክ አይደለም፤ አንጀትና አንጎል አንድ ዓይነት ኬሚካል እየተጠቀሙ እንደሚሠሩ ከማወቅ በፊት የነበረ ፍርሃት ነው።

ኬሚካል ካነሣን አይቀር፣ «የደስታ ሆርሞን 90 በመቶው የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ደስታዎ ያለው ሆድዎ ውስጥ ነው» የሚለውን የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ እባክዎ ይተዉት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከሰውነት ሴሮቶኒን 90 በመቶ በላይ የሚሆነው በእርግጥ አንጀት ውስጥ ነው። ነገር ግን ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም። ሥራው እዚያው ነው፦ የአንጀት ሽፋን ሲነካ የሚለቀቀው እሱ ነው፣ የግፊቱን ሞገድ የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ለዚህ ምሳሌው ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ከሴሮቶኒን መቀበያዎች አንዱን ስለሚዘጋ የወሰደው ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱ ይደርቃል።

አሁን ሁለት ነገር አጣርተው ይምጡ። አንደኛ፣ የተደረገልዎት ኢንዶስኮፒ በአፍ የገባ ነው? ብዙ ሰው «ኢንዶስኮፒ ተነሣሁ» ሲል የሚያወራው ስለዚያ ነው፤ እሱ የሚያየው እስከ ቀጭን አንጀት መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ ወፍራም አንጀትዎን ማንም አላየውም ማለት ነው። በዕድሜዎ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ ገብቶ ወፍራም አንጀትን የሚያየው ካሜራ) የግድ አይደለም። ነገር ግን ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፦ ሰገራዎ ላይ ደም ካለ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ ወይም ከቅርብ ቤተሰብ የወፍራም አንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ይህን ሁሉ ጽሑፍ ትተው ወደ ሐኪም ይመለሱ። የነገሩኝ ምልክት፣ ማለትም ጠዋት የሚመጣው፣ በተጸዳዱ ጊዜ የሚቀልልዎትና ሌሊት የሚተኛልዎት ከሆነ፣ ከአይቢኤስ ጋር ይስማማል።

ለከባድ ቀን ሎፔራማይድ የሚባለውን ክኒን መያዝ ይቻላል። የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ግን በተለመደው መጠን አንጎል ውስጥ አይዘልቅም፣ የሚሠራው በቀጥታ አውርባኽ ባገኘው መረብ ላይ ነው። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ላይ አይወሰድም፣ የማሸጊያውን መጠንም አይለፉ።

ቡናን በተመለከተ፣ ሊተዉት አይገባም ባይ ነኝ፤ ሰዓቱን ግን ይቀይሩት። ወፍራም አንጀት ሌሊት ያሸልባል፣ በነቁ ጊዜ ይነቃል፣ ምግብ ጨጓራ ሲደርስ ደግሞ «ቦታ ልቀቅ» የሚል መልእክት ይደርሰውና ይንቀሳቀሳል። ቡና በአንዳንድ ሰው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ ያደርጋል፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም ስለሚያደርገው ጥፋቱን ሁሉ በካፌይን ላይ መጣል አይቻልም። እርስዎ በስብሰባ ጠዋት ዘግይተው ተነሥተው፣ ቁርሱንና ቡናውን እየተጣደፉ ወስደው ወዲያው ከቤት ሲወጡ መንቃት፣ ምግብ፣ ቡናና ጭንቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደራረቡብዎታል። ሦስቱን አስቀድመው ይጨርሷቸው፦ በሁለት ሰዓት ሥራ የሚገቡ ከሆነ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይነሡ፣ ወዲያው ይብሉና ይጠጡ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰፋ ያለ ጊዜ ይተዉ። ጭንቀቱ ሲመጣ የሚያስቸኩለው ነገር ያንሰዋል። ከስብሰባው በፊት ባለው ሰዓት ሁለተኛ ስኒ ቢያቀርቡልዎ ግን «ከሰዓት» ይበሏቸው።